የሞተር ብስክሌት የፊት ሹካ ልውውጥ በእንግሊዝ አገር ሠራተኛ ወጣቶች ዘንድ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ጀምሮ እስከ 1970 ገደማ ድረስ በእንግሊዝ አገር በሠራተኛው ሕዝብ ልጆች ዘንድ አንድ የታወቀ ልማድ ነበር። ይኸውም የአንዱን ፋብሪካ ሞተር ብስክሌት የፊት ሹካ ፈትቶ በሌላው ፋብሪካ ሞተር ብስክሌት ላይ መግጠም ነው። ነገሩ ለሩቅ ተመልካች ተራ የጋራዥ ሥራ መስሎ ይታያል፤ ቀርቦ ለመረመረው ሰው ግን የራሱ ሕግ፥ የራሱ ቋንቋ፥ የራሱም ክብርና ነውር የነበረው፥ ብዙ ወጣቶች ሕይወታቸውን አምነው የሰጡት የእጅ ጥበብ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልማዱን አመጣጥ፥ አሠራሩንና በማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ የነበረውን ስፍራ በአጭሩ ማስረዳት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ሀ. የፊት ሹካ ምን እንደ ሆነ

የፊት ሹካ የሚባለው እንደ ባላ እንጨት ከላይ አንድ፥ ከታች ሁለት ሆኖ የፊቱን ጎማ በግራና በቀኝ የሚይዘው ክፍል ነው። ከላይ በኩል በቴላዮው አንገት ውስጥ በኩሽኔታ ላይ ተቀምጧል፤ ነጂው መሪውን ሲያዞር አብሮ የሚዞረው እርሱ ነው። ከዚህም በላይ የመንገዱን ጕድጓድና ጕብታ የሚቀበለው፥ ፍሬን በተያዘ ጊዜም የሰውየውና የብረቱ ክብደት ወደ ፊት ሲጫን ሸክሙን የሚችለው ይኸው ክፍል ነው። ሞተር ቢጠፋ ነጂው መንገድ ዳር ይቆማል፤ የፊት ሹካ ቢሰበር ግን ለመቆም ጊዜ አያገኝም።

በመጀመሪያው ዘመን የሞተር ብስክሌት የፊት ሹካ ከብስክሌት ሹካ ብዙም የተለየ አልነበረም፤ ሞላ የሌለው ግትር ብረት ነበር። የሞተሩ ኀይል እየጨመረ በሄደ ጊዜ ግን ይህ ግትር ብረት የነጂውን ክንድ የሚያዝል፥ ራሱም ለስብራት የተጋለጠ ሆነ። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር ገርደር የሚባለው ሹካ ተስፋፋ። ይህ ሹካ በአጫጭር ማያያዣዎች ከአንገቱ ጋር ተጋጥሞ፥ በመካከሉ በቆመ ሞላ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚል ነው። በአሜሪካ ደግሞ ሃርሊ ዴቪድሰን ስፕሪንገር የተባለውን ባለሞላ ሹካ በትልልቆቹ ሞዴሎቹ ላይ እስከ 1948 ድረስ ሲገጥም ቆየ።

አንዱ ቱቦ በሌላው ቱቦ ውስጥ የሚንሸራተትበት፥ ቴሌስኮፒክ የሚባለው ሹካ አሳቡ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው አልፍሬድ አንጋስ ስኮት በ1908 ባወጣው ሞተር ብስክሌት ላይ ይህን ዐይነት ሹካ ገጥሞ ነበር። ሆኖም የሞላውን መወዛወዝ በዘይት የሚያበርድ ቴሌስኮፒክ ሹካ በብዛት ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው በ1935 የጀርመኑ ቢ ኤም ደብልዩ አር 12 እና አር 17 የተባሉትን ሞዴሎች ባወጣ ጊዜ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዙ ማችለስ በ1941 ለሠራዊቱ በሠራው ጂ 3 ኤል በተባለው ሞዴል ላይ ቴሌድሮሊክ ብሎ የሰየመውን ቴሌስኮፒክ ሹካ ገጠመ። ኖርተንም ከጦርነቱ በኋላ ለሕዝብ በሚሸጣቸው ሞተር ብስክሌቶች ላይ ሮድሆልደር የተባለውን ሹካ አወጣ፤ ትርጓሜው ‹‹መንገድ ያዥ›› ማለት ነው።

ለ. የልማዱ አነሣሥ

ጦርነቱ ሲያበቃ የእንግሊዝ ሠራዊት የተረፉትን ሞተር ብስክሌቶች ለሕዝብ ሸጠ። ከእነዚህም መካከል ቢ ኤስ ኤ ኤም 20 እና ኖርተን 16 ኤች የተባሉት በብዛት ይገኙ ነበር፤ ሁለቱም ጠንካሮችና ርካሾች፥ ነገር ግን በገርደር ሹካ ላይ የቆሙ ነበሩ። የፋብሪካ ሠራተኛው ልጅ በሳምንት ደመወዙ አዲስ ሞተር ብስክሌት መግዛት አይችልም ነበር፤ የሠራዊቱን አሮጌ ሞተር ግን ሊገዛ ቻለ። በተሰባበሩ ሞተር ብስክሌቶች መሸጫ ግቢ ውስጥም ከአደጋ የተረፈ ቴሌስኮፒክ ሹካ በጥቂት ገንዘብ ያገኝ ነበር። እንዲህ ሆኖ ልውውጡ በመጀመሪያ የድህነት ልጅ ሆኖ ተወለደ።

ልማዱን ከችግር መወጫነት ወደ ጥበብና ወደ ክብር ያሻገረው ግን በ1950 የሆነው ነገር ነው። በዚያ ዓመት ኖርተን የቤልፋስቱ ሬክስ ማካንድለስ የፈለሰፈውን አዲስ ቴላዮ በአይል ኦፍ ማን ደሴት ውድድር ላይ አቀረበ፤ ጄፍ ዱክም በእርሱ ተቀምጦ ትልቁን ውድድር አሸነፈ። ሃሮልድ ዳንየል የተባለው የኖርተን ተወዳዳሪ በቴላዮው ከነዳበት በኋላ በላባ አልጋ ላይ የመተኛት ያህል ነው ብሎ በመናገሩ ‹‹የላባ አልጋ›› የሚለው ስም ለቴላዮው ጸንቶ ቀረ። ከሮድሆልደር ሹካ ጋር በአንድነት ሲገጠም በመንገድ አያያዝ የሚተካከለው በዚያ ዘመን እምብዛም አልነበረም።

በሌላ በኩል የትራያምፍ ፋብሪካ ሁለት ሲሊንደር ያለው ሞተር ቀላል፥ ፈጣንና ለማሻሻል የተመቸ ነበር፤ በ1959 የሽያጭ ዘመን የወጣው ባለ650 ሲሲ ቦንቪልም ይህን ስም አጸናው። ይሁን እንጂ በትልቅ ፍጥነት በመታጠፊያ ላይ የትራያምፍ አካል እንደ ኖርተኑ የሚታመን አልነበረም። ስለዚህ የአንዱን ልብ ከሌላው እግር ጋር የማጋጠም ምኞት በወጣቶቹ ዘንድ ተነሣ።

ለዚህ ምኞት መሳካት ከሩቅ የመጣ አጋጣሚ ረዳ። በዚያ ጊዜ 500 ሲሲ ሞተር በሚገጠምላቸው ትንንሽ የውድድር መኪናዎች የሚካሄደው ፎርሙላ ሦስት የተባለው ውድድር ተስፋፍቶ ነበር፤ ለእነዚህ መኪናዎች ከሁሉ የሚመረጠው የኖርተን ማንክስ ሞተር ነበር። ኖርተን ግን ሞተሩን ለብቻው አይሸጥም ነበርና፥ መኪና ተወዳዳሪዎች ሙሉውን ሞተር ብስክሌት ገዝተው ሞተሩን ያወጡና የቀረውን አካል ከነቴላዮው፥ ከነፊት ሹካው፥ ከነጎማው ይሸጡት ነበር። የባለጸጋው ስፖርት ትራፊ ለሠራተኛው ልጅ ማዕድ ሆነ። በዚህም ባዶ አካል ውስጥ የትራያምፍ ሞተር ገባ።

ሐ. አሠራሩ

ሙሉ አካል ለማግኘት ያልታደለው ግን የፊት ሹካውን ብቻ ይለውጥ ነበር፤ የጥበቡ ረቂቅነትም የሚታየው በዚህ ነው። የሁለት ፋብሪካ ብረቶች በመልክ ቢመሳሰሉም በልክ አይስማሙም።

በመጀመሪያ የሚለካው አንገት ነው። በቴላዮው አንገት ውስጥ የሚያልፈው ዘንግ በውፍረትም በርዝመትም ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ ይለያያል፤ ከላይና ከታች የሚቀመጥባቸው ኩሽኔታዎችም እንዲሁ። ስለዚህ ወይ የአዲሱ ሹካ ዘንግ በቀድሞው ዘንግ ይተካል፥ ወይም በቶርኖ የተሠራ ቀለበት በመካከል ይገባል። ቶርኖው የሚገኘው ወጣቱ በሚሠራበት ፋብሪካ ነበርና፥ ብዙው ቀለበት የተቈረጠው በምሳ ሰዓት አለቃው ዘወር ሲል ነው። በፋብሪካ ጊዜና በፋብሪካ ብረት የግልን ዕቃ መሥራት በእንግሊዝ ሠራተኞች ዘንድ ስም ያለውና እንደ ስርቆት የማይቈጠር ነገር ነበር።

ሁለተኛው የርዝመት ጉዳይ ነው። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1,400 ሚሊሜትር በሆነ ሞተር ብስክሌት ላይ 25 ሚሊሜትር የሚረዝም ሹካ ቢገጠም አንገቱ ወደ ኋላ አንድ ዲግሪ ያህል ይጋደማል። በዚህ ጊዜ መሪው ይከብዳል፥ ቀጥ ብሎ ለመሄድ ግን ይጸናል። ሹካው ባጠረ ጊዜ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ መሪው ይቀላል፥ በትልቅ ፍጥነት ላይ ግን መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚረቀው ነው። አንገቱ የተጋደመበት መስመር ወደ ታች ቢቀጥል መሬትን የሚነካው ጎማው ከሚነካበት ስፍራ ቀድሞ ነው። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን ይህን ርቀት የመከተያ ርቀት ማለት ይቻላል፤ ጎማው እንደ ታማኝ አሽከር መሪውን ከኋላ እንዲከተል የሚያደርገው እርሱ ነውና። ርቀቱ የሚወሰነው በአንገቱ መጋደም፥ በጎማው ቁመትና የሹካው እግሮች ከአንገቱ መስመር ወደ ፊት በወጡበት መጠን ነው። ለምሳሌ የአንገቱ መጋደም 25 ዲግሪ፥ የጎማው እኩሌታ ቁመት 300 ሚሊሜትር ቢሆንና እግሮቹ 35 ሚሊሜትር ወደ ፊት ቢወጡ የመከተያው ርቀት 101 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። በሌላ ሞዴል ሹካ ተተክቶ እግሮቹ 50 ሚሊሜትር ቢወጡ ግን ወደ 85 ይወርዳል። የ15 ሚሊሜትር ልዩነት በዐይን የማይታወቅ ነው፤ በሰዓት 160 ኪሎሜትር ላይ ግን መሪው ከእጅ ወጥቶ ግራና ቀኝ እንዲማታ ሊያደርግ ይበቃል።

ይህን ስሌት በወረቀት ላይ የሚያሰላ ወጣት ጥቂት ነበር። ዕውቀቱ የሚተላለፈው በቃል ነው፤ የየትኛው ሞዴል ሹካ ለየትኛው አንገት እንደሚስማማ፥ የትኛውስ ‹‹ራሱን እንደሚነቀንቅ›› ታላቅ ለታናሽ፥ ባለጋራዥ ለደንበኛ ይነግረው ነበር። ከዚህ በኋላ የጎማው ዘንግ፥ ፍሬኑ፥ የፍጥነት መቍጠሪያው ገመድና የሞላው ጥንካሬ በየተራ ይታያሉ፤ ለከባድ ሞተር የተሠራ ሞላ በቀላሉ ላይ ይገትራል፥ ለቀላሉ የተሠራውም በከባዱ ላይ ይሰምጣል።

ከመግጠም በፊት የማይታለፍ አንድ ሥርዓት ነበር። በገበያ የሚገኘው ሹካ አብዛኛውን ጊዜ ከተጋጨ ሞተር ብስክሌት ላይ የተነቀለ ስለ ሆነ፥ ቱቦዎቹ ተፈትተው በዝርግ መስተዋት ላይ ይንከባለላሉ። ቱቦው ሳይነጥር ከተንከባለለ ቀና ነው፤ በቱቦውና በመስተዋቱ መካከል ብርሃን ከታየ ግን ጠማማ ነው። ሻጩ ስለ ሹካው ታሪክ የሚናገረው ቃል አይታመንም ነበር፤ የሚታመነው መስተዋቱ ነበር።

መ. ስለ ስያሜ

እንዲህ ተደባልቆ የተሠራ ሞተር ብስክሌት ‹‹ልዩ›› ተብሎ ይጠራ ነበር። ከዚህም አልፎ እንደ ጋብቻ ልጅ ከሁለቱም ወገን የተውጣጣ ስም ይሰጠዋል። የትራያምፍ ሞተር በኖርተን አካል ላይ ሲገባ ትራይተን፥ በቢ ኤስ ኤ አካል ላይ ሲገባ ትራይብሳ፥ የቪንሰንት ሞተር በኖርተን አካል ላይ ሲገባ ኖርቪን ተባለ። እነዚህን ስሞች ያወጣ ፋብሪካ የለም፤ ሕዝብ ያወጣቸውና በሕዝብ አፍ የጸኑ ናቸው።

የፊት ሹካው ብቻ ተለውጦ ሲገኝ ግን አዲስ ስም አይወጣም ነበር፤ ሞተሩና ቴላዮው የቀድሞዎቹ ከሆኑ የሞተር ብስክሌቱም ስም የቀድሞው ነው። መንግሥትም የሚመዘግበው የቴላዮውንና የሞተሩን ቍጥር እንጂ የሹካውን አልነበረም። ነጂው ሕይወቱን የሚያሳርፍበት ክፍል እንዲህ በስምም በመዝገብም የማይታወቅ ሆኖ ይኖር ነበር፤ ሆኖም ዐዋቂ ሰው ቆሞ የሚመለከተው አስቀድሞ እርሱን ነው። ንጹሕ ሆኖ የተገጠመ ሮድሆልደር ለሠሪው ክብር ነው፤ በመዶሻ ተገፍቶ የገባ ቀለበት ግን ነውር ነው፥ የሚገባውም ምክር ‹‹ይህን አትንዳ›› የሚል ነበር።

ሠ. የመሰብሰቢያው ስፍራና የቀረበው ክስ

የዚህ ልማድ አደባባይ በዋና ዋና መንገዶች ዳር የሚገኙት ሻይ ቤቶች ነበሩ። ከእነርሱም የታወቀው በሰሜን ምዕራብ ለንደን በሰሜናዊው ክብ መንገድ ላይ የሚገኘው ኤስ ካፌ ነው። በ1938 ለጭነት መኪና ነጂዎች ተከፈተ፤ በጦርነቱ በቦምብ ፈርሶ በ1949 እንደገና ተሠራ፤ በ1969 ተዘግቶ በ2001 ዳግመኛ ተከፈተ። ወጣቶቹ እዚያ ተሰብስበው የአንዱን ሥራ ሌላው ይመረምር፥ ዕቃ ይለዋወጥ፥ በሰዓት 100 ማይል፥ ማለት 161 ኪሎሜትር ለመድረስም ይፎካከሩ ነበር።

ሕዝቡና ጋዜጣው ግን የተመለከቷቸው በሌላ ዐይን ነው። በ1964 በፋሲካ ሰሞን በክላክተን፥ በግንቦትም በብራይተን ሮከር በተባሉት በእነዚህ ወጣቶችና ሞድ በተባሉት ባለስኩተሮች መካከል ጠብ ሲነሣ፥ ጋዜጦች አገር እንደ ጠፋ አድርገው ጻፉ። የማኅበራዊ ጥናት ሊቅ ስታንሊ ኮኸን በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ የጠቡ መጠንና የወሬው መጠን ምን ያህል እንዳልተመጣጠኑ አሳይቷል። ሁሉም ግን ፊቱን አላዞረም። በለንደን ሃክኒ ዊክ በ1959 የተመሠረተውን የወጣቶች ክበብ የያዙት ቄስ ቢል ሸርጎልድ ራሳቸው ሞተር ብስክሌት ነጂ ነበሩና፥ በ1962 ወደ ኤስ ካፌ ሄደው ወጣቶቹን ወደ ቤተ ክርስቲያን ጠሩ፤ መጡም።

ክሱ ሁሉ ሐሰት ነበር ማለት ግን አይገባም። በመንገድ ላይ የሞቱት ወጣቶች ብዙ ነበሩ፤ የራስ ቁር ማድረግ በእንግሊዝ አገር ግዴታ የሆነው በ1973 ነው። የመሪና የፍሬን ምርመራም የተጀመረው በ1960 ሲሆን፥ እርሱም በመጀመሪያ አሮጌ ተሽከርካሪዎችን ብቻ የሚመለከት ነበር። ክፉ ሹካ የገጠመ ሰው እንደ ነበረ ሁሉ፥ በእርሱ የተቀጣም ነበረ። ስለዚህ ልማዱ በራሱ ውስጥ ዳኛ ማቆም ግድ ሆነበት፤ መስተዋቱና የታላቆች ምክር ይህን ዳኝነት ያካሄዱ ነበር።

ፈረንሳዊው ክሎድ ሌቪ ስትሮስ በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ ባለው ትርፍራፊ ዕቃ አዲስ ነገር የሚያበጅን ሰው ከመሐንዲሱ ጋር አነጻጽሮ፥ የአፈ ታሪክም አሠራር ይህንኑ ይመስላል ብሏል። የሹካ ለዋጮቹ ሥራ ለዚህ አባባል መልካም ምሳሌ ነው፤ ልዩነቱ ግን መረሳት የለበትም። አፈ ታሪክ ክፉ ሆኖ ቢገጣጠም ሰሚው ይስቃል እንጂ አይሞትም።

ረ. ፋብሪካው ያንኑ ባደረገ ጊዜ

የዚህ ታሪክ አስገራሚ ክፍል ፋብሪካው ራሱ የወጣቶቹን ሥራ መሥራቱ ነው። የማችለስና የኤ ጄ ኤስ ባለቤት የሆነው ኤ ኤም ሲ የተባለው ኩባንያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኖርተንን ገዝቶ ነበር። በኋላም የኖርተንን የበርሚንግሃም ፋብሪካ ዘግቶ ሥራውን ወደ ለንደን አዛወረ፤ ከ1964 ሞዴሎች ጀምሮም የማችለስንና የኤ ጄ ኤስን የፊት ሹካ ትቶ በስፍራው የኖርተንን ሮድሆልደር ገጠመ። ይህ ወጣቶቹ በየጓሯቸው ሲሠሩት የኖሩት ልውውጥ ነው፤ ሹካውም ከሁሉ የሚመኙት ሹካ ነበር።

ይሁን እንጂ የማችለስና የኤ ጄ ኤስ ወዳጆች እንደ ማሻሻያ ብቻ አላዩትም፤ ብዙዎቹ የቀድሞው ስም ከታንኩ ላይ ካለው ጽሕፈት በስተቀር እየጠፋ መሄዱ ነው ሲሉ አዘኑ። ኩባንያውም በ1966 ወደቀ። ብረቱ አንድ ሆኖ ሳለ ፍርዱ ስለ ምን ሁለት ሆነ? በጓሮው ውስጥ ልውውጡ የሚደረገው ባለቤቱ የተሻለውን መርጦ ነው፤ በፋብሪካው ውስጥ የተደረገው ግን ወጪ ለመቀነስና የተለያዩ ዕቃዎችን ብዛት ለማሳነስ ነበር። የፊተኛው በማሽኑ ላይ የሰውን ስም ይጨምራል፤ የኋለኛው ከማሽኑ ላይ የፋብሪካውን ስም ይቀንሳል። ጓሮ የወለደው ሥራ ፋብሪካውን ሊወዳደር መቻሉም በአደባባይ ታይቷል፤ በ1965 ዴቭ ዴገንስና ሬክስ ቡቸር በትራይተን ተቀምጠው በባርሴሎና የሚደረገውን የ24 ሰዓት ውድድር አሸንፈዋል።

ሰ. የአሜሪካው ልማድ

በዚያው ዘመን በአሜሪካም የሹካ ልውውጥ ነበር፤ ነገር ግን አሳቡ ሌላ ነው። ሃርሊ ዴቪድሰን በ1949 ቴሌስኮፒክ ሹካ ሲያወጣ አንዳንድ የአሜሪካ ወጣቶች አሮጌውን ስፕሪንገር ፈልገው ገጠሙ፥ ሌሎችም ሹካውን እጅግ አስረዝመው አንገቱን አጋደሙት። የእንግሊዙ ወጣት የሚለውጠው መታጠፊያውን ለመቻል ነው፤ አሜሪካዊው ግን በሰፊውና በቀጥተኛው መንገድ ላይ ለመታየት ነው።

የዚህ ዐይነት ሞተር ብስክሌት በዓለም የታወቀው በ1969 በወጣው ኢዚ ራይደር በተባለው ፊልም ነው። የፊልሙን ሞተር ብስክሌቶች በማዘጋጀት ዋናውን ድርሻ የያዙት ቤን ሃርዲና ክሊፍ ቮስ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ በፊልሙ ላይ ስማቸው አልተጻፈም፥ ሥራቸውም በሰፊው የታወቀላቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የሹካ ለዋጭ ስም በመዝገብ የማይገኝ መሆኑ በእንግሊዝ አገር የመደብ ጉዳይ ነበር፤ በአሜሪካ ግን የዘርም ጉዳይ ሆኖ ተጨመረበት።

ሸ. መደምደሚያ

ልማዱ ከነአካቴው አልጠፋም። ከ1980ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ የጃፓን ፋብሪካዎች ወፍራሙ ቱቦ ከላይ የሆነበትን ሹካ በውድድር መሰል ሞዴሎቻቸው ላይ ሲያወጡ፥ ያን ሹካ ነቅሎ በአሮጌ ሞዴል ላይ መግጠም በአውሮጳ እንደገና ተስፋፋ። ልዩነቱ ዛሬ ሠሪው ከነዲስኩና ከነፍሬኑ የተሟላ ሹካ ማግኘቱ፥ በጀርመንና በመሳሰሉት አገሮችም ሥራው በመንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት በመርማሪ መጽደቅ የሚገባው መሆኑ ነው። በ1950ዎቹ ከትርፍራፊ የተሠሩት ትራይተኖችም ዛሬ በከፍተኛ ዋጋ የሚሸጡ የክብር ዕቃዎች ሆነዋል።

ሆኖም ዕቃው ተጠብቆ ዕውቀቱ ሊጠፋ ይችላል። በ1960 የ20 ዓመት ወጣት የነበረው ሰው ዛሬ ከ80 ዓመት በላይ ነው። የትኛው ዘንግ ለየትኛው አንገት እንደሚስማማ፥ የትኛው ሹካ ከየትኛው አካል ጋር እንደማይታረቅ የሚያውቀው በቃል ነው፤ ብዙውም ትምህርት የተገኘው በወደቁት ወዳጆች ዋጋ ነው። በሙዚየም የቆመ ሞተር ብስክሌት የተገጠመለትን ሹካ ያሳያል፤ ተሞክረው የተጣሉትን ሹካዎች ግን አያሳይም። የልማዱ ዋና ዕውቀት በእነዚያ በተጣሉት ላይ ነውና፥ ባለቤቶቹ ሳያልፉ ከአፋቸው ተሰምቶ ሊመዘገብ ይገባል።